ውሻው ሥራ ላይ ነው፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይዛችሁ አሜሪካ ለገባችሁ

አሜሪካ ገብታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ስለ ሰርቪስ ዶግ፣ ማለትም አካል ጉዳት ያለበትን ሰው እንዲረዳ ስለሠለጠነ ውሻ፣ መስማታችሁ አይቀርም። አንዱ ቲክቶክ ላይ ያየውን ይልክላችኋል። ሌላዋ "እነ እገሌ ውሻ ካመጡ ወዲህ ልጁ ተረጋጋላቸው" ትላችኋለች። ወሬው ውሸት አይደለም። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን እንነጋገር። ውሻ ዋጋው ውድ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ለሁሉም ልጅም አይሆንም።

መጀመሪያ ልጁ ይመርመር። ሦስት ዓመት ካልሞላው እያንዳንዱ ስቴት ለሕፃናት ያዘጋጀው ፕሮግራም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ፣ ዲሲ ውስጥ ስትሮንግ ስታርት ይባላል። ምርመራው በነጻ ነው። ሦስት ካለፈው ወደ ሰፈራችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሂዱ፤ ገና ያልተመዘገበ ልጅም ቢሆን ይመረመራል። ጥያቄውን በቃል ብቻ አትተዉት። ጻፉት፣ ቀን አድርጉበት፣ ቅጂ አስቀሩ። ለምርመራው ከፈረማችሁ በኋላ የፌደራሉ ሕግ የሚሰጠው 60 ቀን ነው፤ ስቴቱ የራሱ ገደብ ካለው በዚያ ይሄዳል። ወረቀታችን አላለቀም ብላችሁ አትቅሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ወረቀት የሌለው ልጅም የመማር መብት እንዳለው ወስኗል። ስብሰባ ሲጠሯችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ትልቋ ልጃችሁ እንግሊዝኛ ስለቻለች ብቻ የወንድሟን ጉዳይ እንድታስተረጉም አታድርጓት።

"አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው" እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ያንገበግበኛል። ሀገር ቤት ዘሚ የኑስ በ2002 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሆነውን የጆይ ማዕከል የከፈተችው ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥታ ነበር። እዚህ ትምህርት ቤቱ በሕግ ይገደዳል። ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ውሻው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድንገት ፈትለክ ይላሉ። መኪና አይታያቸውም፣ ብዙዎቹ ደግሞ ውሃ ይስባቸዋል፤ የሚሰጥሙ አሉ። ለዚህ የሠለጠነ ውሻ እንዲህ ነው የሚሠራው። ልጁ ወገቡ ላይ ቀበቶ ይታጠቃል። ከቀበቶው አጭር ገመድ ወጥቶ ውሻው ትጥቅ ላይ ይያያዛል። ዋናው ማሰሪያ ግን እናት ወይም አባት እጅ ላይ ነው። ልጁ ሊሮጥ ሲል ውሻው እግሩን ተክሎ ይቆማል፣ ወይም መሬት ላይ ይተኛል። 30 ኪሎ የሚመዝን ላብራዶር ከተተከለ የአምስት ዓመት ልጅ አይነቀንቀውም። እናት እስክትደርስ ያችን ሁለት ሦስት ሰከንድ ያስገኛል። ልጁ ሲያድግና ሲጠነክር ይሄ ዘዴ አይሠራም። ልጁም ውሻውም እንዳይጎዱ ብለው ጭራሽ ገመዱን የማያያይዙ ድርጅቶችም አሉ።

ሌላም ሥራ አለው። ልጁ ሲረበሽ በትእዛዝ ጭኑ ላይ ይጋደማል፤ ክብደቱ ብዙ ልጆችን ያረጋጋል። ራሱን ሲመታ በአፍንጫው ገፋ እያደረገ ያቋርጠዋል። ልጁ ከጠፋ ሽታውን ተከትለው የሚፈልጉም አሉ። ትእዛዝ የሚሰጠው ግን ወላጅ ነው። ይህ ማለት ሁለት ፈረቃ ለምትሠራ እናት ሌላ ሥራ ተጨመረባት ማለት ነው። በጥር በረዶ፣ ገና ሳይነጋ፣ ፌስታል ይዞ ውሻ "እስኪጨርስ" መጠበቅ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ሂሳብ አለ። በፉድ ስታምፕ የውሻ ምግብ አይገዛም። የግብር መሥሪያ ቤቱ የሰርቪስ ዶግ ወጪን እንደ ሕክምና ወጪ ይቆጥረዋል፤ የሚጠቅመው ግን ወጪያቸውን ዘርዝረው ለሚያስገቡ ስለሆነ ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁት።

ከየት ይገኛል? አሲስታንስ ዶግስ ኢንተርናሽናል የሚባለው ማኅበር ዕውቅና ከሰጣቸው ድርጅቶች ጀምሩ። ኬናይን ካምፓኒየንስ ከ1975 ጀምሮ ያለ ድርጅት ሲሆን ውሻውን በነጻ ይሰጣል። ኦሃዮ ያለው ፎር ፖውስ ፎር አቢሊቲ በተለይ ለልጆች ያሠለጥናል፤ ቤተሰቡ ግን ገንዘብ ማሰባሰብ ይጠበቅበታል። አንድ ውሻ አሠልጥኖ ማውጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ተራ ሲደርሳችሁም ሄዳችሁ አንድ ሁለት ሳምንት አብራችሁ ትሠለጥናላችሁ፤ የሥራ ፈቃዱን ከወዲሁ አስቡበት።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ "ውሻዎን ያስመዝግቡ" እያለ ሰርተፊኬትና ሰደርያ የሚሸጥ ሞልቷል። ብላሽ ነው። መንግሥት የሰርቪስ ዶግ መዝገብ የለውም። የአካል ጉዳተኞች ሕጉ (ኤዲኤ የሚባለው) የሚያየው ወረቀቱን ሳይሆን ውሻው ለአካል ጉዳቱ የሚረዳ ሥራ መሠልጠኑን ነው። ስለዚህ ሱቅ በር ላይ ዘበኛ ቢያስቆማችሁ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ሰርቪስ ዶግ ነው ወይ? ምን ሥራ ሠልጥኗል? "አዎ፤ ልጄ ሮጦ እንዳያመልጥ ያቆመዋል" በቂ መልስ ነው። የልጁን ሕመም ዘርዝሩ፣ ወረቀት አሳዩ፣ እስቲ ያሳየን ማለት አይችልም። በአንጻሩ ውሻው ቢያስቸግርና ባታረጋጉት፣ ወይም ወለል ላይ ቢጸዳዳ፣ ማስወጣት ይችላል።

ብዙዎቻችን ታክሲና ኡበር ስለምንነዳ ይሄም ይታወቅ፦ ሹፌር "ውሻ እፈራለሁ" ወይም "አለርጂ አለብኝ" ብሎ ሰርቪስ ዶግ ያለውን ተሳፋሪ ትቶ መሄድ አይችልም። የሐበሻ ምግብ ቤትም እንደዚያው።

ቤት ስትከራዩ "ፔት አንቀበልም" የሚለው ደንብ ሰርቪስ ዶግን አይመለከትም፤ የፔት ማስያዣና ኪራይም አትከፍሉም። አከራዩ ከሐኪም ደብዳቤ ሊጠይቅ ስለሚችል አዘጋጁት፣ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አስገቡ። ትምህርት ቤት ውሻውን ቢቀበልም የሚይዘው ሰው የመመደብ ግዴታ የለበትም። ትንሽ ልጅ ደግሞ ብቻውን አይዘውም። ስለዚህ ውሻው ሳይመጣ ተነጋገሩበት። ለአውሮፕላን የትራንስፖርት ሚኒስቴሩን ቅጽ ትሞላላችሁ። ለእረፍት ኢትዮጵያ ይዞት መሄድን ግን አልመክርም። ሀገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋቸዋል ከተባሉት አገሮች አንዷ ናት፤ ከኦገስት 2024 ወዲህ ከእነዚህ አገሮች ውሻ ይዞ መመለስ ብዙ ጣጣ አለው።

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው የራሳችን ሰው ነው። ውሻ ግቢ እንጂ ሳሎን አያውቅም ብለን ነው ያደግነው፤ ፍርሃታችንም ያለ ምክንያት አልመጣም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ከኤዲኤ ነጻ ስለሆኑ ውሻውን አናስገባም ቢሉ መብታቸው ነው። እሑድ ጠዋት በር ላይ ከመጨቃጨቅ ቀድማችሁ ካህኑን አማክሩ፤ ለቅዳሴ ውሻውን ቤት መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ሙስሊም ቤተሰቦችም ሼኻችሁን ጠይቁ። ለአደንና ለጥበቃ ውሻ መያዝ በሃይማኖቱ የተፈቀደ ነው፤ የልጋጉ ጉዳይ ግን በተለይ በሻፊዒይ መዝሀብ ጠበቅ ያለ ስለሆነ መስገጃውን ክፍል ለይታችሁ መዝጋት ያስፈልጋል።

እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚነገረው ጉርሻ ክልክል መሆኑ ነው። እማማ አዝነውለት የዶሮ አጥንት ጣል ያደርጉለታል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ የለንም። "እማማ፣ ሥራ ላይ ነው፤ አይንኩት፣ አያብሉት" በሏቸው። ይቀየማሉ፤ ከዚያ ይለምዱታል።

ልጃችሁ ውሻ ሲያይ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ወይም እንስሳ የሚመታ ከሆነ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ረጋ ያለ ውሻ ካለው ሰው ጋር ደጋግማችሁ አገናኙት። ካልሆነ ይቅር። በር ሲከፈት የሚጮህ አላርም፣ ልብሱ ላይ የሚታሰር ጂፒኤስ፣ የዋና ትምህርት አለ፤ ሦስቱም ከውሻ በጣም ይረክሳሉ። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የኦቲዝም ዌይቨር (ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ተጨማሪ አገልግሎት የሚሸፍን የስቴቱ ፕሮግራም) ወረፋው ዓመታት ስለሚወስድ የምርመራው ውጤት እጃችሁ እንደገባ ተመዝገቡ። የውሻውን ነገር እየጠበቃችሁ ትወስናላችሁ።