የወሎ ቤት ቡና፦ ስናፈላ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ተወልዶ ያደገን ሰው ቡና ማፍላት ማን እንዳስተማረው ቢጠይቁት የሚጠራው መምህር የለውም። ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ከሰል ሲያራግብ፣ ስኒ ሲያቀባብል፣ ጎረቤት ለቡና እንዲጠራ ሲላክ ያየውን ይዞ ያድጋል፤ ያየውንም ለምን እንደሚደረግ ሳይጠይቅ ይደግመዋል። በዚህም ምክንያት መልካሙ ልማድና ጎጂው ልማድ ተደባልቀው ይወረሳሉ። እኔም ቡናዬ አንዳንድ ቀን የሚጣፍጠው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አመድ አመድ የሚለው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ቀስ በቀስ እንደተረዳሁት፣ ቡናችንን ከሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት ጀበናው ከመጣዱ በፊት ነው፤ ከተጣደ በኋላ የሚሠሩት ደግሞ በአመዛኙ እንደ ደሴ ባለ ደጋ ውሃ እንዴት እንደሚፈላ ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው።

ሳያሸትቱ መግዛት

ሰኞ ገበያም ሆነ ከሰፈር ሱቅ ቡና ሲገዛ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ዋጋውንና የመጣበትን አገር ነው። የጅማ፣ የወለጋ፣ የሲዳማ ወይም የሐረር መባሉ ስለ ጣዕሙ የሚነግረን ነገር አለ፤ ነገር ግን ከየትም ይምጣ፣ ከበርበሬ፣ ከሳሙና ወይም ከላምባ አጠገብ የከረመ ጥሬ ቡና ሽታቸውን ስቦ ያስቀራል፤ ይህም ሽታ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስለዚህ ጥቂት ፍሬ በመዳፍ ይዞ፣ በትንፋሽ አሙቆ ማሽተት ያስፈልጋል። ሻጋታ ሻጋታ የሚል ቡና እርጥበት ያገኘው ቡና ነው። በሚገባ በደረቀ ጥሬ ቡና ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ፍሬ በጥርስ ሲነከስ ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። ተፈጭቶ የሚሸጠውን ቡና በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ሌላ እህል ተቆልቶ ቢቀላቀልበት በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ፍሬውን ገዝቶ ቤት መቁላት ይሻላል።

ሳይለቅሙ መቁላት

ጠጠሩንና እንጨቱን ሁሉም ሰው ይለቅማል፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፉት ጥቁር ፍሬዎች፣ ነቀዝ የበሳቸውና የተሰባበሩት ናቸው። ስባሪው ከሙሉው ፍሬ ቀድሞ ስለሚያርር፣ ሌላው ገና ሲበስል እርሱ ከሰል ሆኖ ይጠብቃል። የጠቆረውና የኮመጠጠው ፍሬ ደግሞ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ጣዕሙ ጀበናውን ሙሉ ያዳርሳል። ቡናውን ማጠብ እንደየቤቱ ልማድ ነው፤ የታጠበው ግን በሚገባ መጠንፈፍ አለበት፤ ውሃ እንደቋጠረ ምጣድ ላይ ቢወድቅ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ከዚያም አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይቆላል።

በኃይለኛ እሳት መቁላት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። እንግዳ ተቀምጦ ሲጠብቅ እጅ ወደ ማራገቢያው ይሮጣል፤ ከሰሉ ይፋፋማል፣ ምጣዱ ይግላል፣ ቡናውም በጥቂት ደቂቃዎች ይጠቁራል። ከላይ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል፤ አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰብረው ቢመለከቱት ግን ውስጡ ከውጪው በጣም የነጣ ሆኖ ያገኙታል። እንዲህ ያለው ቡና ሲፈላ ከውጪው ያረረውን ምሬት፣ ከውስጡ ደግሞ የጥሬ እህል ጣዕም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው «ቡናው ራሱ መጥፎ ነው» ብሎ የሚያማርረው እንዲህ ያለውን ነው።

በመጠነኛ እሳት ላይ፣ ሳያቋርጡ እያመሱ ሲቆሉት ቡናው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በግልጽ ይታያሉ። አረንጓዴው መጀመሪያ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚሸተው እንደ ድርቆሽ ነው። ቀጥሎ ቀላ ብሎ እንደሚጋገር ዳቦ ይሸታል። ከዚያም የፍሬው ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ ውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ስለሚሰነጥቀው ይንጣጣል። ይህ ድምፅ ቡና ለሚቆላ ሰው ዋናው ምልክት ነው። ኮምቦልቻ የምትኖር አክስቴ፣ በልጅነቴ ምጣዱን በየደቂቃው እያጋደልኩ ስመለከት፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ሲደርስ ራሱ ይጠራሻል» ትለኝ ነበር። የምትለው ይህንኑ መንጣጣት እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው መንጣጣት በኋላ ዝምታ ይሆናል፤ መቁላቱ ከቀጠለ፣ ወደ 225 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደቀቅ ያለ ሁለተኛ መንጣጣት ይሰማል፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ ፍሬውን ያብለጨልጨዋል። በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚወደው እስኪያብለጨልጭ የተቆላውን ነው። እኔ ግን በሁለቱ መንጣጣቶች መካከል ባለው ዝምታ፣ ሁለተኛው ሊጀምር ሲል ማውጣትን እመርጣለሁ፤ ከዚያ ካለፈ የሲዳማውንና የወለጋውን ቡና ለይቶ ማወቅ እየከበደ ይሄዳል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የመቆላት ጣዕም ብቻ ይኖራቸዋል። ጥሬ 1 ኪሎ ቡና ሲቆላ እንደ አቆላሉ ከ120 እስከ 200 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ከዚህ በላይ ከቀነሰ ብዙው መዓዛ በጢስ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት አለ። ቡናው ከእሳት ከወረደ በኋላ ምጣዱን ይዞ በእንግዶች መካከል እየዞሩ ጢሱን ማሸተት የምንወደው ልማዳችን ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ነገር ግን የብረት ምጣዱ ሙቀት በዚያ ሁሉ ጊዜ ቡናውን መቁላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከሚፈለገው ጥቂት ቀደም አድርጎ ማውረድ፣ ተሽትቶ እንዳበቃም ወዲያውኑ ሰፌድ ላይ ገልብጦ መበተን ያስፈልጋል።

ቡናው ሳይቆላ ዕጣን ማጨስ

በወሎ ቤት ቡና ያለ ዕጣን ጎደሎ ነው፤ ሉባንጃውም ሰንደሉም የየራሱ ቦታ አለው። ቦታው ግን ቡናው ከተቆላ በኋላ ነው። የሚቆላ ሰው ምጣድ ላይ ያለው ቡና ከድርቆሽ ወደ ዳቦ፣ ከዳቦ ወደ ቡና መሻገሩን የሚያውቀው በአፍንጫው ስለሆነ፣ ዕጣኑ ቀድሞ ቤቱን ከሞላው ይህን መንገድ ይዘጋበታል። ማረር የጀመረ ቡና እንኳ በዕጣን ጢስ ውስጥ ሳይታወቅ ያልፋል።

በጋለበት መውቀጥና አብዝቶ ማድቀቅ

ገና ያልበረደ ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ ይጨፈለቃል እንጂ በደንብ አይደቅም፤ ስለዚህ አንዱ እንደ ዱቄት፣ አንዱ እንደ ክክ ይሆናል። በርዶ ሲወቀጥ ግን ቶሎ ይሰበራል። በኤሌክትሪክ መፍጫ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ይሳሳታል፤ ቁልፉን ረጅም ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ ቡናው እንደ በርበሬ ይልማል። የላመ ቡና ጀበና ውስጥ አይጠልልም፤ ከነአተላው ስኒ ውስጥ ይገባል፣ ምሬቱንም አሟጦ ይለቃል። ለጀበና የሚስማማው በጣት ሲነካ የሚሻክር ነው። ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ መውቀጥም ይገባል፤ የተፈጨ ቡና መዓዛውን ማጣት የሚጀምረው ወዲያውኑ ነው።

የደጋን ውሃ እንደ ቆላ ውሃ መቁጠር

ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቁልቁለቱን ወርደን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ስንደርስ ወደ 94 ይጠጋል። ይህ ልዩነት በተግባር ሁለት ነገር ይለውጣል።

የመጀመሪያው፣ በማጣሪያ ወረቀት ወይም በመጫኛ ማፍያ (ፍሬንች ፕሬስ) ቡና የሚያዘጋጁ ወጣቶች ከውጭ አገር ምክር የወሰዱት ስህተት ነው። ምክሩ «ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ» ይላል። ቡና በደንብ የሚወጣው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው ውሃ ነው ስለሚባል፣ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ምክሩ ትክክል ነው። ደሴ ላይ ግን ውሃው ሲፈላ ራሱ እዚያው ክልል ውስጥ ነው፤ አብርዶ የሚያፈስ ሰው ቀጭንና ጎምዛዛ ቡና ይጠጣል። እዚህ ውሃው እየተንተከተከ ሳለ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ጀበናን ይመለከታል። ዛሬ የተቆላ ቡና በውስጡ ብዙ ጋዝ ስለሚይዝ፣ ፈላ ውሃ ሲነካው አረፋው ቶሎ ይነሣና በጀበናው አንገት በኩል ይገነፍላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ፈልቷል» ብሎ ያወርደዋል፤ በእውነቱ ግን የተነሣው አረፋ ነው፣ ቡናው ገና ጣዕሙን አልሰጠም። የኛ ውሃ ከቆላው ውሃ ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑም ጣዕሙን ለማውጣት ጥቂት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ጀበናውን እስከ አንገቱ አለመሙላት፣ አረፋው ሲነሣ ከእሳቱ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ መልሶ መጣድ፣ ይህንንም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መድገም ይገባል። ከዚያ በላይ ማንተክተክ ግን መዓዛውን ከእንፋሎቱ ጋር ማባረር ነው። መጠኑን በተመለከተ፣ እኔ ለአቦል ለግማሽ ሊትር ውሃ 40 ግራም ያህል ቡና እጨምራለሁ።

ሳይጠልል መቅዳት

ከእሳት የወረደ ጀበና ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሊቀመጥ ይገባዋል። ቀጂው ጀበናውን በየስኒው መካከል ቀና ቢያደርግ የጠለለው አተላ እንደገና ይነሣል፤ ስለዚህ ስኒዎቹን አጠጋግቶ፣ ጀበናውን ሳያቃኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዘንበል መቅዳት ነው። በደሴ ብርድ ስኒዎቹን አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅም ይጠቅማል። ስኳሩን፣ አንዳንድ ቤት የሚጨመረውን ቁንጥር ጨውና የጤና አዳሙን ዘለላ ለየጠጪው ፈቃድ መተው ነው፤ ጥቂት ጨው ምሬትን እንደሚያለዝብ ግን እውነት ነው።

ቶናንና በረካን በውሃ ማራዘም

አቦል አብዛኛውን ጣዕም ይዞ ይወጣል፤ በአተላው ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው። ያንኑ አተላ ለቶናም ለበረካም በተመሳሳይ የውሃ መጠን መሙላት ቀለም ያለው ውሃ ማቅረብ ነው። በየዙሩ የውሃውን መጠን መቀነስ፣ የሚፈላበትንም ጊዜ ማስረዘም ይገባል። በመካከል ጎረቤት ቢጨመር ደግሞ አንድ ሁለት ማንኪያ አዲስ ቡና ጣል ማድረግ የሚያሳፍር አይደለም። ብዙ የወሎ ቤት በረካ ላይ ዱዓና ምርቃት ስላለ ማንም ሳይጠጣው አይነሣም፤ ታላላቆቻችን እጃቸውን ዘርግተው የሚመርቁበት ስኒ ደግሞ ከሁሉ የቀጠነው ባይሆን እመኛለሁ።

በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ

ይህ ከጣዕም በላይ ነው። ክረምት ላይ፣ ማታ፣ ብርዱን ለመከላከል በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ቡና ይፈላል፤ ቡናው ካበቃም በኋላ ምድጃው ቤቱን እንዲያሞቅ በሚል እዚያው ይተዋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ በቀላበት ጊዜም መውጣቱን አያቆምም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። በልጅነቴ አንድ ማታ ሦስት እኅትማማቾች ራሳችንን እያዞረን በእናታችን ክንድ ተደግፈን ወደ ደጅ እንደወጣን አልረሳውም። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ሁሉ መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። የሚያዞረው ሰው ካለም ቡናው ቢቀር ይቅር፣ ወዲያውኑ ንጹሕ አየር ወዳለበት ወጥቶ ወደ ሕክምና ይሂድ።

ጀበናውን አለመንከባከብ

አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና ቢፈላበት የአፈር ጣዕም ይሰጣል፤ ውሃና የቡና አተላ ጨምሮ ደጋግሞ አፍልቶ መድፋት፣ በዚሁም ሸክላውን ማሟሸት ያስፈልጋል። ሸክላ የነካውን ሁሉ የሚመጥ በመሆኑ በሳሙና የታጠበ ጀበና ሳሙናውን ለቀጣዩ አቦል ያስቀምጣል። የቡና ዘይትም እንዲሁ ይሰርጋል፤ ማታ ከነአተላው ያደረ ጀበና ጠዋት አንገቱን ሲያሸትቱት ሻግ ያለ ቅባት ይሸታል፣ የተቆላው ቡና ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያንን ሽታ አይሸፍነውም። እንግዶቹ እንደሄዱ፣ ሸክላው ገና ለብ እንዳለ አተላውን ደፍቶ፣ በሙቅ ውሃ ብቻ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቆ፣ ውታፉን ለብቻው አጥቦ፣ ጀበናውን አንገቱን ወደ ታች ደፍቶ እስኪደርቅ መተው ነው።