ሰርፍና ጊታር በአንድ እጅ

ቶም ከረን እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ1986 እና በ1990 በሰርፍ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ የባሕር ማዕበል በመጋለብ ስፖርት፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ጊታሩን ይዞም መድረክ ይወጣል። ሌላው ሰርፈኛ ኬሊ ስሌተርም ከሮብ ማቻዶና ከፒተር ኪንግ ጋር ባንድ መሥርቶ በ1998 አልበም አውጥቷል። ሁለቱን ሙያ ጎን ለጎን ለሚያስኬድ ሰው ትልቁ ችግር የጊዜ ጉዳይ ይመስላል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ውኃው ነው። ጨውና ብርድ የሚያጠቁት ሙዚቀኛ የሚኖርባቸውን ጣትና ጆሮ ነው።

ልምምዱን ከባሕር በፊት አድርጉት። ሁለት ሰዓት ውኃ ውስጥ የቆየ ጣት፣ በወራት ልምምድ የደነደነው ቆዳው ይርሳል፤ በዚያ ላይ የብረት ክር ከተጫኑበት ይላጣል። የተላጠው እስኪደነድን ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። የግድ ከባሕር በኋላ የምትጫወቱ ከሆነ፣ እጃችሁን በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁና በደንብ አድርቃችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ።

መታጠቡ ራሱ ዘዴ አለው። እግር እንዳይንሸራተት ሰሌዳው ላይ የሚቀባው ሰም በሳሙና ብቻ አይለቅም፤ መጀመሪያ ጥቂት የምግብ ዘይት እሹበት፣ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለቴ ታጠቡ። ሰም በወፋፍራሞቹ ክሮች ጥምጥም ውስጥ ከገባ ድምፃቸው ይታፈናል፤ ያኔ መለወጥ እንጂ መጥረግ ብዙም አያድናቸውም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ከሰምም ይብሳል፦ የተቀባ ክንድ ሲደገፍበት የአንዳንድ ጊታሮች ቫርኒሽ ይለሰልሳል፣ ይደበዝዛል፣ እንደተጣበቀም ይቀራል። እጅጌው ረዥም ልብስ መልበስ ይቀላል።

ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ክሮቹን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ዝገት የሚጀምረው በማይታየው በሥሩ በኩል ነው። ለባሕር ዳርቻ ስስ ሽፋን ያላቸው ክሮች ዋጋቸው ውድ ቢሆንም ያዋጣሉ። ክንዳችሁ በቀዘፋ ከደከመ የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.012 ኢንች ከሆነው የክር ስብስብ ወደ 0.011 ኢንቹ ውረዱ፤ የክሩ ውጥረት ሲቀንስ ግን የጊታሩ አንገት ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ክሩ ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለውን ብረት) እየነካ ሊንጫጫ ይችላል። ያኔ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ በሩብ ዙር አላልታችሁ፣ አንድ ቀን አሳድራችሁ እዩት። ከሩብ በላይ በአንድ ጊዜ አትሂዱ።

ጆሮ ላይ መቸኮል አያዋጣም። ለዓመታት ቀዝቃዛ ውኃና ነፋስ ሲፈራረቁበት በጆሮ ቦይ ውስጥ ያለው አጥንት ቀስ በቀስ እያደገ ቦዩን ያጠበዋል። በተለይ ከ19 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ውኃ አደጋው ይጨምራል። ሕመም ስለሌለው ሰው አያውቀውም፤ ምልክቱ ውኃ ገብቶ ለቀናት አልወጣም ማለቱ ነው። ያደገው አጥንት የሚወገደው በቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ከዚያም ለሳምንታት ከባሕር መራቅ አለ። ስለዚህ ድምፅ እያሳለፈ ውኃ የሚያግድ የጆሮ መድፈኛ ከመጀመሪያው ቀን አድርጉ። ውኃ ከገባ ጭንቅላትን ወደ ጎን አዘንብሉ እንጂ በጥጥ ዘንግ አትጎርጉሩ። ጆሮው እስኪከፈትም በስሜት አትቃኙ፣ በቱነር (በመቃኛ መሣሪያ) ቃኙ።

ይህ መድፈኛ ለመድረክ አይሆንም። ድምፅ እንዲያሳልፍ የተሠራ ነውና ከከበሮው አያስጥልም። 85 ዴሲቤል ላይ ለ8 ሰዓት መቆየት የሚቻል ሲሆን፣ 100 ላይ ግን ጊዜው ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። ለሙዚቃ የሚሆነው ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚቀንሰው ዓይነት ነው።

ጊታሩን መኪና ውስጥ ትታችሁ ባሕር አትግቡ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ሙጫውን ያለሰልሳል፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት ድልድይም ከጊታሩ ገላ ይነሳል። በጊታሩ ማኅደር ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን፤ እርጥብ ልብስ አብራችሁ አትክተቱ። በአውሮፕላን ስትሄዱ ክሮቹን በአንድ ድምፅ ያህል አላሉ።

የሰሌዳው ክንፍ ወይም ኮራል ጣት ከቆረጠ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ እስኪገጥምም ክር አትጫኑበት። ቁስሉ በትንሿ ጣት ላይ እስካልሆነ ድረስ ዝግጅቱን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ክሮቹን ከወፍራሙ ጀምሮ ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ አድርጋችሁ ቃኙና በትንሿ ጣት ላይ የብርጭቆ ቱቦ አጥልቃችሁ እያንሸራተታችሁ ተጫወቱ።