ሜሽ ዋይፋይ ገጥማችሁ ቤቱ አሁንም ከተቆራረጠባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ሜሽ ማለት ቤቱ ውስጥ ተበታትነው አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጩ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋናው ከሞደሙ ጋር በኬብል ይገናኛል። ሞደሙ ራሱ ኢንተርኔት እንዳለውና ሂሳቡ እንደተከፈለ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሳሎን ጥሩ ነው፤ ፎቅ ስትወጡ ስልኩ ዋይፋይ ይዟል፣ ግን ምንም አይከፍትም።

መንስኤ፦ የሞደሙ ዋይፋይ አልጠፋም። ከአስር ቤት ዘጠኙ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው ሜሹን ሲገጥም «ስልኩ ሁሉ በራሱ ይግባ» ብሎ የሞደሙን ስምና ፓስዎርድ ይሰጠዋል። የሜሹ ዕቃዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ስልካችሁን ከአንዱ ወደ አንዱ ያሳልፋሉ፤ ሞደሙ ግን የዚህ ዕድር አባል አይደለም። ስልኩም የሞደሙን የሞተ ሲግናል የሙጥኝ ብሎ፣ አጠገቡ ያለውን አዲስ ዕቃ ዞር ብሎ አያየውም።

አንድ ጂ ፕላስ ቱ ቤት ባለቤቱ ሦስት የሜሽ ዕቃ ገዝተው «አልበቃም» ብለው አራተኛ ጨመሩ። አራቱም መብራታቸው እንከን የለውም። የሜሹን አፕ ስከፍት የተገናኘው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው! የቤተሰቡ ስልክ በሙሉ ቴሌቪዥኑ ስር ካለው ሞደም ላይ ተሰቅሏል። የሞደሙን ዋይፋይ ሳጠፋ ሁሉም ወደ ሜሹ ገባ፤ አራተኛው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሜሹ መሥራቱን አረጋግጡ። ከዚያ ከሞደሙ ጋር በኬብል በተገናኘ ኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ጻፉ (የሁዋዌ ፋይበር ሞደም ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ትክክለኛው ከጀርባው ተለጥፏል)። ዋይፋይ ወይም ደብሊው ላን (WLAN) የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አጥፉ። ሞደሙ በሁለት ሞገድ ነው የሚያሰራጨው፤ 2.4ም 5 ጊጋኸርዝም፣ ሁለቱንም! አንዱን አጥፍቶ «አልሠራም» ብሎ የሚደውል ሰው ሰልችቶኛል። አንዳንዱ ሞደም ጎኑ ላይ የዋይፋይ ቁልፍ አለው፤ አቧራ ሲጠረግ ተነክቶ መልሶ ሲበራ አይቻለሁ።

ሪሴት ቀዳዳው ውስጥ መርፌ አትክተቱ። የመስመራችሁ ቅንብር ሊጠፋና ቴክኒሻን እስኪመጣ ቤቱ ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ሊቀር ይችላል። ልጆችም አይንኩት።

ምልክት፦ ሁለተኛው ዕቃ ቀይ ያበራል ወይም ይንቀራፈፋል።

ሲግናል የማይደርስበት ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁታል። እሱም ሲግናሉን የሚቀበለው ከዋናው ስለሆነ መሃል መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ ደረጃው ጋ አድርጉት። ሶሌታ ሲግናል ይበላል፤ ጓሮ ያለ የቆርቆሮ ሰርቪስ ደግሞ ያለ ኬብል አትድከሙ። ኬብሉ ንጹህ መዳብ ይሁን። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም በርካሽ ይሸጣል፣ ትንሽ ሲታጠፍ ይሰበራል። ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ከቆመ ከስምንቱ ሽቦ አንዱ አልነካ ብሎ ይሆናል፤ ጃኩን (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) ቆርጣችሁ አዲስ ምቱ።

ምልክት፦ ሁሉም ይሠራል፣ ጌም ወይም ከውጭ የምታዩት ካሜራ ግን እምቢ ይላል።

ሞደሙም ሜሹም ራውተር ሆነዋል፤ ማለትም ሁለቱም ኔትወርኩን እኔ ልምራ ይላሉ። አፑ ውስጥ ሜሹን ወደ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ፣ መምራቱን ለሞደሙ እንዲተው) ቀይሩት።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሜሹ ቀይ ይሆናል።

ሞደሙ ለመነሳት ከሜሹ በላይ ይቆያል። ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፤ ካልሆነ ዋናውን ብቻ ነቅላችሁ ሰኩ። ስትነቅሉ ግን አዳፕተር አታቀያይሩ! ጫፋቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ 9 ቮልት፣ ሌላው 12 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ የ9ኙ ዕቃ 12 ከገባበት ሊቃጠል ይችላል። ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር የሰካችሁትማ ምን ልበላችሁ።

ከካርቶኑ ሞቶ የሚወጣ ዕቃ ብርቅ ነው። ለሻጩ ከመመለሳችሁ በፊት ቮልቱ አንድ መሆኑን አይታችሁ፣ በዚያው ካርቶን በመጣው በሌላኛው አዳፕተር ሞክሩት።