ጥንታዊ ዕቃ መሸጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ

አዲስ አበባ ከዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ፒያሳ ስትወጡ፣ መስቀል፣ በርጩማ፣ የብር ሐብልና ብራና የደረደሩ ሱቆች ታያላችሁ። ብዙ የከተማው ሰው «የፈረንጅ ሱቅ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው አልፌያቸዋለሁ። አሁን ይቆጨኛል። እዚያ የተሰቀለው ዕቃ ከማንም በፊት የሚመለከተው እኛን ነው።

ከሱቁ በፊት ሙዚየም ግቡ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለዚህ ይበቃል። መስቀሎቹ፣ ሥዕሎቹ፣ ክታቦቹ ፊት ረጋ ብላችሁ ቁሙ። ዓይን የሚሰለጥነው እውነተኛውን ደጋግሞ በማየት ነው። የፒያሳ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ የድሮ አድራሻ ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ ሱቁ እዚያው መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የምትሄዱት በቀን ብርሃን ይሁን። ትንሽ ማግኔትና ማጉያ መነፅር ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ብዙ ገንዘብ አትያዙ። የመጀመሪያው ቀን የማየት ቀን ነው።

ስትገቡ ሰላም በሉ፣ ዋጋ አትጠይቁ። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ከሆኑ «ጋሼ፣ ይቺን ባነሳት ይፈቅዳሉ?» ብላችሁ ዕቃውን በሁለት እጅ አንሱ። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ከየት መጣ? ምን ይሠራበት ነበር?» ነው። ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ ወንበር የሚያቀርብላችሁም አለ። «በጣም ጥንታዊ ነው» ብቻ እያለ የሚደጋግም ከሆነ ግን ጠርጥሩ።

አሁን እጃችሁን ተጠቀሙ። ሰው የኖረበት ዕቃ እኩል አያረጅም። የጅማ በርጩማ ከሆነ መቀመጫው ለስልሶ፣ እግሮቹ ከታች ተበልተው ታገኙታላችሁ። ገልብጡት። የድሮው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ መጋጠሚያ ወይም ሙጫ የለውም። ሁሉም ቦታ እኩል የጠቆረ እንጨት ግን ቀለም የተቀባ ወይም ጭስ ያየ አዲስ ሊሆን ይችላል። የአንገት መስቀል ላይ ደግሞ ማንጠልጠያ ቀለበቱን እዩ። ክር ለዓመታት ያመላለሰበት ቀለበት ውስጡ ይሳሳል። ማግኔቱ የሚነግራችሁ ብረት መኖሩን ብቻ ነው። አለመሳቡ ብር ነው ማለት አይደለም፤ ነሐስም አይሳብም።

ጠገራ ብር ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ምስሏ ሳንቲሙ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እንደ ፈረንጆች በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች ሲመታ የኖረው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ 1780 ይዟል። ስለዚህ «ዓመቱን እየው፣ ከ200 ዓመት በላይ ነው» ቢሏችሁ፣ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ መልኩ ነው፦ ጉንጯና ፀጉሯ በእጅ ብዛት መለስለሱ፣ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል የተበየደበት ቀለበት። ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው። በጣም የቀለለውን መልሱ። ብር አንጣሪዎች ይህንኑ ጠገራ እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ይሠሩበት እንደነበርም አስታውሱ። የምኒልክ ብር ካገኛችሁ ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው፤ የመጀመሪያዎቹ የ1887 ዓ.ም ናቸው።

ክታብ ሲዘረጋላችሁ ቀስ በሉ። ብራና ቆዳ ስለሆነ በብርሃን አቅጣጫ ስታዩት የፀጉሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ብዙውን ጊዜ ቁመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር የሚሠራው። በቀይ ቀለም ከተጻፉት መሀል የክርስትና ስም ፈልጉ፤ ወለተ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ይላል። አንዳንዱ ላይ የቀድሞው ስም ተፍቆ ሌላ ገብቶበታል። እኔ እንዲህ ያለ ክታብ ሳገኝ ዋጋውን መጠየቅ እረሳለሁ። አንዲት ታማሚ ሴት አንገቷ ላይ አስራው የኖረች ነገር ነው።

ነጠላ የብራና ገጽ ግን አትግዙ። ከመጽሐፍ የተቀደደ ነው። ብዙ ጊዜም በድሮው ጽሕፈት ላይ አዲስ ሥዕል ተስሎበት ይሸጣል። እኛ ስንገዛ ሌላ መጽሐፍ ይቀደዳል። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የሚመስል፣ ከየት እንደመጣ የማይነገር ዕቃም እንደዚያው ይቅርባችሁ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዷል። የተመለሰው ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ወደ ዋጋው። ሁለት ሦስት ሱቅ ካያችሁ በኋላ ተመለሱ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብላችሁ ጀምሩ፣ ተከራከሩ፣ ግን ዕቃውን አታንቋሽሹ። ለአዲስ ሥራም ቢሆን የሠራው እጅ ይከበራል። «አዲስ ነው፣ ግን በደንብ የተሠራ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደንበኛ አድርጉት። ደረሰኝ ተቀበሉ።

ከውጭ የመጣችሁ ከሆነ ዕቃውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳዩና ማረጋገጫ ወረቀት ያዙ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ የእጅ ሥራ እንኳ ጥንታዊ መስሎ ኤርፖርት ላይ ሊያስቆማችሁ ስለሚችል፣ ከበረራው ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ጨርሱት።

ቤት ስትደርሱ ብሩን በሎሚ ወይም በአመድ አትፈትጉት። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ብራናውን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የገዛችሁበትን ሱቅ፣ ዋጋውንና ሻጩ የነገራችሁን ታሪክ ጻፉና ከዕቃው ጋር አስቀምጡ።