የ12ኛ ክፍል ውጤት ስንገመግም የምንሠራቸው ስህተቶች

ውጤት በወጣ ማግስት በየመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት አሳለፍን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግምገማው እዚያ ላይ ሲያልቅ ግን ልጆቹን እንበድላለን።

ትልቁ ስህተት 50 በመቶን ብቻ ማየት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ «ወደቁ» ብሎ መዝጋት የትምህርት ቤቱን ሥራ አያሳይም። አማካዩን በየትምህርቱ አውጡት። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ጥያቄውን ሳያነብ የሚያጠቁር ተማሪም 25 አካባቢ ያገኛል። ስለዚህ የሒሳብ አማካይ 26 ከሆነ ተማሪዎቹ ገምተዋል ማለት ነው፤ 36 ከደረሰ ግን አንድም ልጅ ባያልፍ እንኳ መምህሩ የሠራው ሥራ አለ።

ሮስተርን፣ ማለትም የክፍል ውጤት የሚመዘገብበትን ሰነድ፣ እንዳለ ማመንም ሌላው ስህተት ነው። ክፍል ውስጥ 85 ሲሰጠው የቆየ ልጅ ብሔራዊ ፈተና ላይ 30 ሲያመጣ ይደነግጣል፤ ወላጆቹም ፈተናውን ይጠራጠራሉ። በተከታታይ ምዘና ስም ለቡድን ሥራ፣ ለደብተርና ለተሳትፎ የምንቸረው ነጥብ ነው ያታለለው። እኔም ለልጆቹ አዝኜ ጨምሬ አውቃለሁ፤ ያ ግን ውለታ አልነበረም። የእያንዳንዱን ተማሪ ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን ጻፉ። ክፍተቱ የሰፋበት ትምህርት ላይ መጀመሪያ የሚፈተሸው የእኛው የፈተና አወጣጥ ነው።

ያቋረጡትን መርሳት ደግሞ አለ። 9ኛ ክፍል አብረው ከተመዘገቡት ስንቶቹ ለፈተናው ደረሱ? ለቀን ሥራ የወጣው ልጅ፣ አረብ አገር የሄደችው ልጅ በመቶኛው ስሌት ውስጥ የሉም። ብዙ ተማሪ የተበተነበት ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ የተሻለ ሊመስል ይችላል።

በፈተና መርጦ ከሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት ጋር መወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና በፊት የነበረውን ውጤት ከአሁኑ ጋር ማነጻጸርም እንዲሁ።

በመጨረሻ፣ ስብሰባውን «ተማሪው አያነብም» ብሎ መበተን። 9ኛ ክፍል ሲገባ የእንግሊዝኛ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ይችል እንደነበር ማን አየ? መስከረም ላይ አንዲት ገጽ አስነብቦ መመዝገብ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው።