የአንድ ቀን ጫጩቶችን ያለ እናት እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

ጫጩት ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መኖ ነው። እኔ ግን ሙቀቱን አስቀድሙ እላለሁ። ጫጩት ስትፈለፈል ከአስኳሉ የተረፈ ስንቅ ሆዷ ውስጥ ስላለ ሁለት ቀን ያህል ሳትበላ መቆየት ትችላለች። ብርድ ከመታት ግን አንዲት ሌሊትም ላትወጣ ትችላለች።

1. ቦታውን ማዘጋጀት። ከካርቶን ክብ አጥር ሥሩ። ማዕዘን ካለው፣ ሲበርዳቸው እዚያ ተደራርበው ይታፈናሉ። ወለሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የተቆራረጠ ጭድ አንጥፉ። ፕላስቲክ አይሆንም፤ እግራቸው ይንሸራተታል።

2. ሙቀቱ። ለ50 ጫጩት አንድ ባለ 250 ዋት ቀይ የማሞቂያ አምፖል ይበቃል። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በሰንሰለት ስቀሉት። በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ ከተንጠለጠለና ከወደቀ፣ ሰጋቱራው በእሳት ይያያዛል። ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው ጥቂት ሰዓት በፊት አብሩት።

በመጀመሪያው ሳምንት እነሱ በቆሙበት ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያስፈልጋል። ከዚያ አምፖሉን ከፍ እያደረጋችሁ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን ጫጩቶቹን ማየት ነው። አምፖሉ ሥር ተጣብቀው ከጮኹ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ፈልጉት። ተበታትነው ከተኙ፣ ድምፃቸውም ለስለስ ካለ፣ አትንኳቸው። ይህን ማታ ብቻ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲልም ተነስታችሁ እዩ። ብርዱ የሚበረታው ያኔ ነው።

መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው የከሰል ምድጃ ያስገባል። እባካችሁ አታድርጉት! በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ እነሱንም እናንተንም ይገድላል። ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሀላቸው አስቀምጡ። መብራት ለሚያስቸግርበት ሰፈር እኔ የምመርጠው የሣር ሣጥን ነው። ግድግዳው በድርቆሽ የተጠቀጠቀ፣ ከላይ ድርቆሽ የሞላ ጆንያ የሚለብስ፣ የአየር ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን ነው። የራሳቸውን የሰውነት ሙቀት ይዞ ያሳድራቸዋል፤ ቆጣሪም አያስቆጥርም።

3. ውሃ፣ ከዚያ መኖ። እንደደረሱ ለብ ያለ ውሃ ስጡ፤ በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሩበት። የጥቂቶቹን አፍ ውሃው ላይ ነከር ብታደርጉ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። መጠጫው ዝርግ ይሁን፤ እንዳይሰምጡም ጠጠር አድርጉበት። ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ፣ ከአንገታቸው ሥር ያለችውን የመኖ ከረጢት ዳስሱ። ሞልታ ለስለስ ካለች መብላትና መጠጣት ጀምረዋል። ባዶ የሆነችባቸውን ለይታችሁ መጠጫው አጠገብ አድርጓቸው።

4. ክትባት። የፈንግል ክትባት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የጉምቦሮው (የጫጩቶችን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ ነው) በሁለተኛው ይጀመራል። ቀኑን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ወስኑ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ጫጩት ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተጋርታችሁ ግዙ፤ በበረዶም ይዛችሁት ሂዱ። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል።

ላባቸው ሲሞላ፣ አምስት ስድስት ሳምንት ላይ፣ አምፖሉን መጀመሪያ ቀን ቀን ብቻ አጥፉ። ሌሊቱን ሳይደራረቡ ማደር ሲጀምሩ ጨርሳችሁ አንሱት።