መዶሻውን አንቃችሁ አትያዙት

መዶሻ መምታት የጉልበት ሥራ ይመስላል። አይደለም። ጀማሪ ብዙ ጊዜ እጀታውን ከመዶሻው ራስ ሥር አንቆ ይይዛል። ያኔ ክንዱ ቶሎ ይዝላል፣ ሚስማሩም ይጣመማል። ወደ እጀታው ጫፍ ወረድ ብላችሁ ያዙ፤ ላላ ይበል፣ ግን እንዳያመልጣችሁ። ከክርናችሁ አንሱትና በራሱ ክብደት ይውረድ። ዓይናችሁ መዶሻው ላይ ሳይሆን የሚስማሩ አናት ላይ ይሁን።

ስህተታችሁን እንጨቱ ራሱ ይነግራችኋል። ቁርጥራጭ ጣውላ ላይ፣ ያለ ሚስማር፣ 20 ጊዜ ያህል ምቱና ምልክቱን በጣታችሁ ዳስሱት። ሙሉ ክብ ከሆነ የመዶሻው ፊት ደልደል ብሎ አርፏል። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ካወጣ ግን የመታው ጠርዙ ነው፤ አያያዛችሁን ወይም የምትሠሩበትን ከፍታ አስተካክሉ። እኔን ከምንም በላይ ያስተማረኝ ይሄ ነው።

ብረት ቅጥቀጣ ለምትማሩም ያው ነው። እንዲያውም ብረት ከማጋላችሁ በፊት በሸክላ ጭቃ ተለማመዱ፤ ከመዶሻው ሥር የሚሸሸው እንደ ጋለ ብረት ነው። ብረቱ ላይ ስትደርሱ፣ ቅላቱ ሲደበዝዝ አቁሙና ወደ እሳቱ መልሱት። ቀዝቅዞ ከቀጠቀጣችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። መከላከያ መነጽር ደግሞ እባካችሁ፣ ሁልጊዜ።